እርድን ያለ ሶክስሌትና ያለ አሴቶናይትራይል መለካት ይቻላል?

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በኬሚስትሪ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ከቴፒና ከአካባቢው የሰበሰብኳቸው 40 የእርድ ናሙናዎች አሉኝ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ጥቂት የዕፅዋት ኤክስትራክቶችም ጨምሬአለሁ። የኩርኩሚን (የእርዱን ቢጫ ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር) መጠናቸውን መለካት ነው ሥራዬ። የያዝኩት አሠራር ናሙናውን በሶክስሌት (ሶልቨንት ማለትም ማሟሚያ ፈሳሽ እያፈላ ናሙናውን ደጋግሞ በሚያጥብ የመስታወት ዕቃ)፣ በ200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ለ8 ሰዓት ያወጣዋል። ከዚያ በኤችፒኤልሲ (የድብልቅን ክፍሎች ለይቶ በሚለካ መሣሪያ)፣ አሴቶናይትራይል በሚባል ሶልቨንት ይለካል። አማካሪዬ ‹ለአካባቢ ተስማሚ አድርጊውና የአረንጓዴነት ነጥቡን አስልተሽ አምጪ› አሉኝ። አሴቶናይትራይሉ ከታዘዘ ወራት አልፎታል፣ አልመጣም። በኤታኖል ብተካው ይበቃል? ውጤቱስ ይታመንልኛል?»

ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ በኤታኖል ይሠራል፤ በደንብ ከሠራሽው ውጤቱም ይታመናል። ግን የጀመርሽው ከመጨረሻው ነው። አብዛኛው ሰው እንደዚሁ ነው የሚጀምረው። «አረንጓዴ አድርጊው» ሲባል ዓይናችን መጀመሪያ የሚሄደው ኤችፒኤልሲው ላይ ወዳለው ጠርሙስ ነው። እስቲ እርሳስ አንሺና አብረን እናስላ።

40 ናሙና፣ እያንዳንዱ 3 ጊዜ ሲደገም፣ 120 ኤክስትራክሽን ነው። እያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ከጠጣ 24 ሊትር ሜታኖል ማለት ነው። አሁን ኤችፒኤልሲውን እንይ። አንዱ ሩጫ 20 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ፍሰቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር፣ ግማሹ አሴቶናይትራይል። ለ120 ሩጫ 1.2 ሊትር ይወጣል። ስታንዳርዱ (መጠኑ የታወቀ ማነጻጸሪያ)፣ ኮለም (ድብልቁ የሚለያይበት ቱቦ) ማረጋጊያውና ማጠቢያው ሲደመር እጥፍ ይሁን፤ 2.4 ሊትር። እንግዲህ አንቺን እንቅልፍ የነሳሽ አሴቶናይትራይል ከሜታኖሉ አንድ አሥረኛ ነው። ይህንን ብቻ ቀይረሽ ሶክስሌቱን እንዳለ ብትተዪው፣ ያተረፍሽው ነገር ቢኖር ለወረቀት የሚሆን ርዕስ ነው።

መብራቱና ውሃው ገና አልተነሱም። ስድስት ሶክስሌት በአንድ ጊዜ ብታቆሚ 20 ዙር ነው፤ በዙር 8 ሰዓት፣ 160 ሰዓት ማሞቂያው እንደበራ ነው። ማቀዝቀዣው ደግሞ ከቧንቧ የሚመጣ ውሃ ነው። ቧንቧው በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ቢያፈስ እንኳ በ8 ሰዓት 480 ሊትር ንጹህ ውሃ ወደ ቱቦ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህንን ለጎረቤት ማስረዳት ይከብዳል። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ዙሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ከመብራት ወይም ከውሃ መጥፋት የተነሳ የተደገመ ሶክስሌት ያላየ የአገራችን ኬሚስት ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰናበተው ሶክስሌቱ ነው።

ኩርኩሚን በኤታኖል በደንብ ይሟሟል፤ በውሃ አይሟሟም ማለት ይቻላል። እንደ ቅጠል ሴሉሎስ ውስጥ ተቀርቅሮ የሚያስቸግር ነገርም አይደለም፣ ዱቄቱ ከደቀቀ ቶሎ ይወጣል። 100 ሚሊ ግራም እርድ መዝኚ። ክዳን ባለው 15 ሚሊ ሊትር ቱቦ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ጨምሪበት። በእጅ ነቅነቅ አድርገሽ ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያናውጥ የውሃ ገንዳ) ውስጥ ለ20 ደቂቃ አስቀምጪው። ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ፣ ከላይ ያለውን መቅዳት፣ አለቀ። 120ውም ሲሠራ 1.2 ሊትር ኤታኖል ነው። 24 ሊትር ሜታኖል የነበረው ማለት ነው።

ይህንን ስልሽ ግን አራት ነገር ልብ በይልኝ። ውጤቱ የሚበላሸው በእነዚህ ነው።

ናሙናው ሲያንስ ዱቄቱ እኩል መሆኑ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። 10 ግራም ስትመዝኚ የማይታይ ልዩነት 100 ሚሊ ግራም ላይ ፍጥጥ ብሎ ይመጣል። የእርድ ሥር ልጡና መሀሉ አንድ አይደለም። ስለዚህ ከመላው ናሙና በደንብ ፈጭተሽ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ወንፊት ንፊው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትጣይ፤ መልሰሽ ፍጪው። የቀረውን ከጣልሽ ናሙናሽን መርጠሻል ማለት ነው። ሦስቱን ድግግሞሽ ከሦስት የተለያየ ቦታ መዝኚ። ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ ችግሩ መሣሪያው ሳይሆን ወፍጮው ነው።

ሁለተኛው ሶኒኬተሩ ነው። የውሃው ገንዳ ውስጥ ኃይሉ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም፤ መሀል ላይ የቆመ ቱቦና ጥግ ላይ የቆመ ቱቦ አንድ ዓይነት አይናወጡም። ቱቦዎቹን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ የውሃ ከፍታ አቁሚ። ውሃው እየሠራ ሲሄድ ይሞቃል። ቴርሞሜትር ጣል አድርጊበትና ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ በረዶ ጨምሪ። ኤታኖል ገና በ13 ዲግሪ አካባቢ እሳት የሚይዝ ትነት እንደሚሰጥ አትርሺ፤ ክዳኑ ይዘጋ፣ አጠገቡ የጋለ ነገር አይኑር። ሶኒኬተር ከሌለሽም አትጨነቂ። ቱቦዎቹን ጨለማ ቦታ አሳድሪያቸው፣ ማታና ጠዋት ነቅንቂያቸው። መብራት የማይፈልግ ኤክስትራክሽን ከዚህ የተሻለ የለም። እኔ በግሌ ሶኒኬተር እያለም የማሳደሩን ዘዴ እወደዋለሁ።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ኩርኩሚን ብርሃን አይወድም። መስኮት ዳር የተቀመጠ ቢጫ ቱቦ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኚው፤ ቡናማ ቫያል ካለሽ ደግሞ የተሻለ።

አራተኛውና ዋናው «ሁሉም ወጥቷል ወይ?» የሚለው ነው። የመመረቂያ ፈታኞችሽ የሚጠይቁሽ ይህንን ነው። መልሱም ቀላል ነው። መጀመሪያ የቀዳሽውን ለይተሽ አስቀምጪና ዝቃጩ ላይ እንደገና 10 ሚሊ ሊትር ጨምረሽ ድገሚ። ሦስተኛም ድገሚ። ሁለተኛው ላይ የሚገኘው ከመጀመሪያው ጥቂት መቶኛ ብቻ ከሆነና ሦስተኛው ባዶ ከሆነ፣ ሁለት ዙር ይበቃሻል ማለት ነው። ሁለተኛው ላይ ብዙ ካለ ዱቄቱ አልደቀቀም ወይም ጊዜው አጥሯል። ከዚህ በተጨማሪ ሦስት ናሙና ብቻ በድሮው ሶክስሌት ሠርተሽ አወዳድሪ። ሶክስሌቱን ለመጨረሻ ጊዜ የምትጠቀሚበት ለዚህ ይሁን። ቁጥሮቹ ከተቀራረቡ ማንም ሊሞግትሽ አይችልም።

አንድ የተዘለለ ነገርም አለ፣ እርጥበት። ከአርባ ቦታ የመጣ እርድ እርጥበቱ የተለያየ ነው። የእያንዳንዱን እርጥበት ለብቻ ለኪና ውጤቱን በደረቅ ክብደት ጻፊ። ይህንን ካላደረግሽ የምታወዳድሪው ኩርኩሚን ሳይሆን አደራረቅ ነው።

አሁን ወደ ኤችፒኤልሲው ከመሄዳችን በፊት አንድ ደስ የማይል ጥያቄ ልጠይቅሽ። ኤችፒኤልሲ በርግጥ ያስፈልግሻል?

እርድ ውስጥ አንድ ኩርኩሚን ብቻ አይደለም ያለው። ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ በጋራ ኩርኩሚኖይድ ይባላሉ፦ ኩርኩሚን፣ ዲሜቶክሲኩርኩሚንና ቢስዲሜቶክሲኩርኩሚን። ሦስቱም ቢጫ ናቸው። ሦስቱም 425 ናኖ ሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጥጣሉ። የቅመማ ቅመም ገበያው የሚጠይቀው የሦስቱን ድምር ነው። ያንቺም ጥያቄ «የትኛው አካባቢ እርድ የተሻለ ነው?» ከሆነ ድምሩ ይበቃል። ድምሩን ደግሞ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር (ሙሙቱ ምን ያህል ብርሃን እንደመጠጠ የሚያነብ መሣሪያ) ይለካዋል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ንጹህ ኩርኩሚን በኤታኖል ውስጥ፣ 425 ናኖ ሜትር ላይ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩቬት፣ የ1 በመቶ ሙሙቱ አብዞርባንስ (የብርሃን መምጠጥ ልኩ) 1607 ነው። ለምግብ ቀለምነት በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ላይ የሠፈረው ቁጥር ይህ ነው። ወደ እኛ መጠን ስናወርደው በሚሊ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም 0.16 ገደማ ይሰጣል። እርድሽ 3 በመቶ ኩርኩሚኖይድ ካለው፣ 100 ሚሊ ግራሙ ውስጥ 3 ሚሊ ግራም አለ። ያ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሆን በሚሊ ሊትር 300 ማይክሮ ግራም ነው። 0.1 ሚሊ ሊትር ወስደሽ 10 ሚሊ ሊትር ስታደርሺው 3 ማይክሮ ግራም ይሆናል። መሣሪያው 0.48 ያነባል። እርድ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ ስለሚሆን ንባብሽ ከ0.32 እስከ 0.80 ውስጥ ይወድቃል። ስፔክትሮፎቶሜትር በጣም የሚታመነው እዚያው ክልል ላይ ነው። አንድ ናሙና ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚሄደውም ኤታኖል ብቻ ነው።

በሁለት ዙር ካወጣሽ ሁለቱን ቀላቅለሽ መጠኑን 20 ሚሊ ሊትር አድርሺና ስሌቱን አስተካክዪ። የመጽሐፉን ቁጥር ዝም ብለሽ አትመኚ፤ መሣሪያሽ ያረጀ ሊሆን ስለሚችል በራስሽ ስታንዳርድ አምስት ነጥብ ያለው መስመር ሥሪ።

ግን ስፔክትሮፎቶሜትር ቢጫ የሆነውን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚያየው። ድክመቱ ይህ ነው። ንጹህ እርድ ላይ ችግር የለውም። ሱቅ የገዛሻቸው ኤክስትራክቶች ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከእርዱ ጋር ቅጠል የተቀላቀለበት ከሆነ የክሎሮፊል ጠርዝ እዚያው አካባቢ ይገባል። በርበሬ ካለበት ካሮቲኖይዶቹ ይመጣሉ። ቁንዶ በርበሬ ከሆነ ግን አትጨነቂ፤ ፒፐሪን የሚመጥጠው ወደ አልትራቫዮሌቱ ነው፣ 425 ላይ አይታይም። ከሁሉም የከፋው ሰው የጨመረው ቀለም ነው። ሜታኒል የሎ የሚባለው የተከለከለ ቀለም እዚያው 430 አካባቢ ስለሚመጥጥ መሣሪያሽን ያታልለዋል። የሊድ ክሮሜት (እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም) ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ለማሳመር ሲጨመር የተገኘው ይህ መርዝ ኤታኖል ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ በዚህ ዘዴ ጭራሽ አይታይም። እርሳስ መኖሩን ለማወቅ የብረት ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። የኩርኩሚን መጠን ከፍ ማለቱ «እርዱ ንጹህ ነው» ማለት አይደለም፤ በመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ እንዲህ ብለሽ እንዳትደመድሚ።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። 40ውንም እርድ በስፔክትሮፎቶሜትር ለኪ። ከእነሱ ስምንት ወይም አሥር ምረጪ፣ ከፍተኛውም ዝቅተኛውም መሀለኛውም ይኑርበት። እነዚህንና የሱቅ ኤክስትራክቶቹን ሁሉ በኤችፒኤልሲ አሳልፊያቸው። ሁለቱ ዘዴዎች በእርዶቹ ላይ ከተስማሙ 30ውን ተጨማሪ ናሙና ኤችፒኤልሲ ላይ የምታሳልፊበት ምክንያት የለም። ካልተስማሙ ደግሞ ራሱ ግኝት ነው። ከሁሉ በላይ አረንጓዴ የሆነው ሩጫ ያልተሮጠው ነው።

አሁን ኤታኖሉ። ኤችፒኤልሲ ላይ ኤታኖልን የሚፈሩት በአንድ ምክንያት ነው፣ ይወፍራል። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲሆን በክፍል ሙቀት ከተመሳሳይ የአሴቶናይትራይል ድብልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ወፍራም ነው። የፓምፑ ግፊትም በዚያው ልክ ይወጣል። አሮጌ ማሽን 400 ባር ላይ ይቆማል፤ ረጅም ኮለም ከሆነ ወደዚያ ይጠጋል። መፍትሔው ኮለሙን ማሞቅ ነው። 50 ዲግሪ ስታደርሺው ውፍረቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሲ18 የሚባለው የተለመደው ዓይነት ኮለም ይህንን ሙቀት ይችላል። የኮለም ማሞቂያ ከሌለሽ ፍሰቱን ቀንሺ፣ አጭር ኮለም ተጠቀሚ።

እንዲያውም ማሞቂያ ቢኖርሽም አጭርና ቀጭን ኮለም ይሻላል። 250 በ4.6 ሚሊ ሜትር የሆነውን በ150 በ3.0 ብትቀይሪው፣ ፍሰቱ ከ1 ሚሊ ሊትር ወደ 0.43 ይወርዳል፣ ጊዜውም ያጥራል። ሩጫው 20 ሚሊ ሊትር ይፈጅ የነበረው 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። 2.1 ሚሊ ሜትር ደግሞ ይበልጥ ይቆጥባል። ግን አሮጌ ማሽን ላይ ቱቦውና የዲቴክተሩ ሴል ሰፊ ስለሆኑ ፒኩ (እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲወጣ ሥዕሉ ላይ የሚታየው ጉብታ) ይሰፋል። ካፈርሽ አይመልስሽ ሆኖ ብዙ ገንዘብ ያወጡበት ኮለም መደርደሪያ ላይ ሲቀር አይቻለሁ። 3.0 ለአሮጌ ማሽን ደህና ስምምነት ነው።

ሞባይል ፌዙን (በኮለሙ ውስጥ የሚፈሰውን ፈሳሽ) በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድና በኤታኖል ጀምሪ። ኤታኖል ከሜታኖልም የበለጠ ይገፋል፣ ስለዚህ መጠኑን ከምታስቢው ዝቅ አድርገሽ ጀምሪና ቀስ በቀስ ውጪ። አሲዱ ለጌጥ አይደለም። ኩርኩሚን አሲድ ውስጥ ይረጋጋል። ወደ ገለልተኛና ወደ አልካሊ ሲሄድ ግን በደቂቃዎች ይፈርሳል። ፒኤች 7.2 በሆነ ባፈር ውስጥ፣ በሰውነት ሙቀት፣ በግማሽ ሰዓት 90 በመቶው እንደሚጠፋ ከታወቀ ቆይቷል። አንዳንድ አሠራር ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ይጽፋል። ተይው። እሱ አካባቢ ውስጥ ከገባ የማይፈርስ ነገር ነው፤ አሴቲክ አሲድ ሥራውን በደንብ ይሠራል። የፎስፌት ባፈርም አያስፈልግሽም። ጨው ከሌለ ኤታኖል ሲበዛ የሚደፈርስ ነገር አይኖርም፣ ፓምፑም ይተርፋል።

ኤታኖልና ውሃ ሲቀላቀሉ ይሞቃሉ፣ መጠናቸውም ይቀንሳል። 50 ሚሊ ሊትርና 50 ሚሊ ሊትር ብትቀላቅዪ 100 አይሞላም፤ 96 ወይም 97 አካባቢ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ለክተሽ ቀላቅዪ። አንዱን ሲሊንደር ውስጥ አድርገሽ ሌላውን እስከ ምልክቱ አትሙዪ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ አየሩን አውጪ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ ግጠሚ።

ሦስቱ ፒኮች ቦታ ሊቀይሩ፣ ሊጠጋጉም ይችላሉ። በአሴቶናይትራይል ብዙውን ጊዜ ቢስዲሜቶክሲው ይቀድማል፣ ኩርኩሚኑ መጨረሻ ይወጣል። ሶልቨንት ስትቀይሪ ይህንን እንዳለ አትውሰጂ፤ በስታንዳርድ አረጋግጪ። ሦስቱ አልለያይ ካሉሽ ሙቀቱን በአምስት ዲግሪ ዝቅ ወይም ከፍ እያደረግሽ ሞክሪ፤ ከሶልቨንቱ መጠን ይልቅ እሱ የሚፈታው ጊዜ አለ።

አሁን የምትወጂውን ልንገርሽ። ውድ የኤችፒኤልሲ ኤታኖል መግዛት ላያስፈልግሽ ይችላል። ኤታኖል ላይ ያለው ቆሻሻ የሚያስቸግረው ወደ አልትራቫዮሌቱ ስትወርጂ ነው። አንቺ የምታዪው 425 ላይ ነው፤ እዚያ አብዛኛው ቆሻሻ አይታይም። በአገራችን ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ የሚወጣ ኤታኖል አለ። ማቅለሚያ ወይም ማምረሪያ ያልተጨመረበትን፣ 96 ወይም 97 በመቶ የሆነውን ካገኘሽ፣ በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ አጣሪና ባዶ ሩጫ አድርጊ። መስመሩ ቀጥ ካለ ሥራ ጀምሪበት። ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለውን ታይሞኪኖን ብትለኪ ኖሮ ግን እንዲህ አልልሽም ነበር፤ እሱ የሚለካው 254 አካባቢ ነውና የኤታኖሉ ንጽሕና ወሳኝ ይሆናል።

ስለ አሴቶናይትራይሉ መዘግየት ብቻሽን አይደለሽም። አሴቶናይትራይል ለብቻው ታስቦ የሚመረት አይደለም። አክሪሎናይትራይል ሲመረት አብሮ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው። አክሪሎናይትራይል ለጨርቅና ለመኪና ፕላስቲክ ይውላል። በ2008 መጨረሻ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ መኪናውም ፕላስቲኩም ቆመ። በዚያ ላይ ለቤጂንግ ኦሎምፒክ ሲባል ቻይና ፋብሪካ ዘግታ ነበር፣ ቴክሳስ ላይ ደግሞ አውሎ ነፋስ መታ። የዓለም ላቦራቶሪዎች ሁሉ ጠርሙስ መለመን ጀመሩ። ኤታኖል ላይ ብዙ ሰው በቁም ነገር የሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአካባቢ ፍቅር ብቻ አልነበረም የገፋው።

ምናልባት አማካሪሽ «ዲፕ ዩቴክቲክ ሶልቨንት» የሚባለውን ሞክሪ ይሉሽ ይሆናል። አሁን ፋሽኑ እሱ ነው። ኮሊን ክሎራይድን ከላክቲክ አሲድ ወይም ከግሊሰሮል ጋር ቀላቅለው በማሞቅ የሚሠራ ፈሳሽ ነው፤ ኩርኩሚንን በደንብ ያወጣል፣ አይተንም፣ እሳት አይይዝም። ግን እንደ ማር ይወፍራል። ውሃ ካልጨመሩበት ፒፔት አይቀበለውም። ስለማይተን አትንኖ ማሰባሰብ አይቻልም፤ ኤክስትራክቱን ከውስጡ ለማውጣት ሌላ ሶልቨንት ትፈልጊያለሽ። ለመለካት ብቻ ከሆነ ኤታኖል እያለ ለምን እንደሚደክሙበት አይገባኝም። ሱፐርክሪቲካል ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ነው። ጋዙ 31 ዲግሪና 74 ባር ካለፈ በኋላ ድንቅ ሶልቨንት ነው፣ ግን ማሽኑ የት አለ? የጦስኝ ዘይት ቢሆን ኖሮ ተገቢ ነበር። ኩርኩሚን ለብቻው በካርቦን ዳይኦክሳይድ እሺ ብሎ አይወጣም፤ ኤታኖል ይጨመርበታል። ዞሮ ዞሮ ኤታኖል።

ነጥቡን በተመለከተ። መሣሪያው ብዙ ነው። የፖላንድ ኬሚስቶች በ2012 ያወጡት ኢኮ ስኬል ከ100 ይጀምርና ለእያንዳንዱ መርዛማ ነገር፣ ለመብራቱ፣ ለተረፈው ቆሻሻ ይቀንሳል። ከ75 በላይ ከሆነ በጣም ጥሩ፣ ከ50 በታች ከሆነ አይበቃም። በወረቀት በእጅ ይሠራል። በ2018 የመጣው ጋፒ በቀለም ሥዕል ያሳያል። በ2020 በስፔንና በፖላንድ ተመራማሪዎች የወጣው አግሪ ደግሞ 12 መስፈርት አለው፣ ከ0 እስከ 1 ይሰጣል፣ ሥዕሉ እንደ ሰዓት ነው። ነጻ ሶፍትዌር አለው። ለአንቺ አግሪው ይበቃሻል። የድሮውንም አሠራር በዚያው አስልተሽ ጎን ለጎን አቅርቢ፤ ብቻውን የቆመ ነጥብ ምንም አይናገርም። የሞላሽውን እያንዳንዱን ቁጥር በአባሪ ጻፊ፤ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ስንት ናሙና በሰዓት። ያለዚያ ሌላ ሰው ያንኑ ዘዴ አስልቶ ሌላ ነጥብ ያገኛል። አሠራሩ ለሥራ መመቸቱን የሚያይ ባጊ የሚባል ሰማያዊ መለኪያም በ2023 ወጥቷል። እሱ ከ25 እስከ 100 ነው፣ 60 ማለፍ ይጠበቃል። ጊዜ ካለሽ ጨምሪው።

አግሪ የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ። ቁጥርሽ ልክ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ግማሹን ኩርኩሚን ዝቃጩ ውስጥ ትቶ የሚሄድ ዘዴ 0.85 ሊያገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ድግግሞሹን፣ መስመሩን፣ የታወቀ መጠን ጨምሮ መልሶ ማግኘቱን መጀመሪያ ጨርሺ የምልሽ። እርዱ ላይ በሦስት የተለያየ መጠን ስታንዳርድ ጨምሪና አውጪው። ከ95 እስከ 105 በመቶ አካባቢ ካገኘሽ ጥሩ ነው። ፈታኝ ፊት ይህ ሰንጠረዥ ከሰዓት ሥዕሉ ይልቅ ያድንሻል። ተሳስቶ እንደገና የሚሠራ 120 ናሙና ምንም ቀለም ቢቀባ አረንጓዴ አይሆንም።

የተረፈውን ነገር ሲንክ ውስጥ አትድፊ። ኤታኖሉንም ቢሆን። በአንድ ጀሪካን ሰብስቢና «ኤታኖል፣ አሴቲክ አሲድ፣ እርድ» ብለሽ ጻፊበት። ሮታቫፖሬተር (ሶልቨንትን አትንኖ መልሶ የሚሰበስብ መሣሪያ) ካላችሁ አትንናችሁ መልሳችሁ ለዕቃ ማጠቢያ አድርጉት። ከሶክስሌቱ ማወዳደሪያ የሚተርፈው ሜታኖል ግን ለብቻው ይቀመጥ። አሴቶናይትራይል መጥቶ ከተጠቀምሽም እንዲሁ፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሳያናይድ የሚቀየር ነገር ነው። ክሎሮፎርም የነካውን ከእነዚህ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ።

ስታንዳርድ ስትገዢ ሰርተፍኬቱን አንብቢ። «ኩርኩሚን» ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ከእርድ የወጣ ነውና ሦስቱም አሉበት፤ ኩርኩሚኑ ራሱ ሦስት አራተኛ አካባቢ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለስፔክትሮፎቶሜትሩ ድምር ብዙ አይጎዳም። ለኤችፒኤልሲው ግን ንጽሕናውን ስሌት ውስጥ ካላስገባሽ ውጤትሽ ሁሉ በሲሶ ያህል ከፍ ይላል። ዋጋው ርካሽ የሆነውን ገዝተሽ በኤችፒኤልሲ የሦስቱን ድርሻ ራስሽ ለክተሽ መጠቀም ትችያለሽ። ትንሽ ቫያል ይበቃሻል፤ በፎይል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው።